«የአሸር ቤት ውድቀት»፦ ስለ ተምሳሌቱና ስለ ተራኪው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን የአሜሪካዊው ደራሲ የኤድጋር አለን ፖ አጭር ልብ ወለድ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ለብዙ ሰውም አንብቡት ብዬ ሰጥቻለሁ። አንብበው ሲመለሱ የሚያነሱት ጥያቄ ይመሳሰላል። ቤቱ ምን ይወክላል? ስንጥቁ ምንድን ነው? ሴትዮዋ እውነት ሞታ ነበር? አብዛኛው «ምን ማለት ነው?» የሚል ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት «ማን አየው? ማን ነገረን?» የሚለው ይቅደም ባይ ነኝ፣ መልሶቼም ወደዚያ ያደላሉ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ታሪኩን ያላነበባችሁ ቀድማችሁ ብታነቡት ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም መጨረሻውን እዚሁ እናገረዋለሁ።

ታሪኩ ባጭሩ ምንድን ነው?

ስሙ የማይነገረን አንድ ሰው፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ ደመናው ዝቅ ብሎ በተጫነበት ቀን፣ ብቻውን በፈረስ ሲጓዝ ይውልና ሲመሽ የአሸር ቤት ይደርሳል። የጠራው የልጅነት ጓደኛው ሮድሪክ አሸር ነው። ታምሜአለሁ፣ ድረስልኝ ብሎ ጽፎለታል። የሮድሪክ ሕመም ግራ ያጋባል። የስሜት ሕዋሳቱ ከመጠን በላይ ተስለዋል። ጣዕም ያለው ምግብ አይወርድለትም፣ የአበባ ሽታ ያፍነዋል፣ ደብዛዛ ብርሃን እንኳ ዓይኑን ያሠቃየዋል፣ ከአንዳንድ የክር መሣሪያዎች በቀር ድምፅ ሁሉ ያስፈራዋል። መንታ እህቱ ማድሊንም ታማለች። ሐኪሞቹ ምንነቱን ማወቅ አቅቷቸዋል። አልፎ አልፎ ሰውነቷን አድርቆ ሬሳ የሚያስመስላት ሕመም ነው።

አንድ ምሽት ሞተች ይባላል። ሁለቱ ወንዶች በሣጥን አድርገው ከቤቱ ሥር ባለ ጨለማ ክፍል ያስቀምጧታል። ሰባት ወይም ስምንት ቀን ያልፋል። ከዚያ በማዕበል ሌሊት ነጭ ልብሷ ደም ነክቶት በር ላይ ትቆማለች። ወንድሟ ላይ ትወድቃለች፣ ሁለቱም ይሞታሉ። ተራኪው ሮጦ ይወጣል። ቤቱ ከኋላው ለሁለት ተሰንጥቆ ኩሬ ውስጥ ይሰምጣል።

መጀመሪያ የታተመው በሴፕቴምበር 1839 ነው፣ ፊላደልፊያ ይወጣ በነበረ መጽሔት ላይ።

ጎቲክ የሚባለው ምን ዓይነት ጽሑፍ ነው?

አሮጌ ግንብ፣ ጨለማ፣ የተደበቀ የቤተሰብ ምስጢር፣ ተቀብሮ አልቀበር ያለ ያለፈ ዘመን። አጀማመሩ ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከሆረስ ዋልፖል የ1764 ልብ ወለድ ጋር ይያያዛል። ሁለተኛው እትም ላይ «የጎቲክ ታሪክ» የሚል ንዑስ ርዕስ ጨመረበት። እዚያም መጨረሻ ላይ ግንቡ ይፈርሳል። ፖ ያመጣው ለውጥ ፍርሃቱን ከግንቡ አውጥቶ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ማስገባቱ ነው። ለእኛ ጉዳይ ይህን ያህል ይበቃል።

ቤቱ ምን ይወክላል?

እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ያግዘናል። ተራኪው ገና ወደ ውስጥ ሳይገባ የሚነግረን ነገር አለ። የአካባቢው ገበሬዎች «የአሸር ቤት» ሲሉ ሕንፃውንም ዘሩንም በአንድ ስም ይጠሩ ነበር። እኛ ይሄ አይገርመንም። «ቤቷ ፈረሰ» ሲባል ማንም የወደቀ ግድግዳ አይታየውም። ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠርም ጣሪያ የሚቆጥር የለም። «ቤተሰብ» የሚለው ቃል ራሱ ቤትን በሆዱ ይዟል። ስለዚህ የታሪኩን ርዕስ ወደ አማርኛ ስንመልሰው ድርብ ትርጉሙ ሳይጎድል አብሮ ይመጣል፣ ይሄ ደግሞ በትርጉም ሥራ ሁሌ የሚገኝ ዕድል አይደለም።

ሰባት ቤት ካልን አይቀር፣ የአሸር ዘር ቅርንጫፍ የለውም። ከአባት ወደ ልጅ በአንድ ቀጥታ መስመር ብቻ ሲወርድ የኖረ ዘር ነው ይላል ተራኪው። ዘመድ እየቆጠረ በሚጋባ ማኅበረሰብ ውስጥ ያደገ አንባቢ እዚህች ቦታ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። የቅርብ ዘመዳሞችን መጋባት በታሪኩ ውስጥ ያዩ ሐያስያንም ከሚይዟቸው ፍንጮች አንዱ ይሄው ነው። ታሪኩ ግን በግልጽ አይለውም። ስለዚህ ስትጽፉ «ይጠቁማል» በሉ እንጂ «ነው» ብላችሁ አትደምድሙ።

ቤቱ ደግሞ ፊት አለው። መስኮቶቹ ባዶ ዓይን ይመስላሉ። ተራኪው ይህን በመጀመሪያው አንቀጽ ብቻ ሁለት ጊዜ ይለዋል። ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ሻጋታ እንደ ድር ተጠላልፎ ተንጠልጥሏል። ጥቂት ገጽ አልፈን ሮድሪክን ስናገኘው ደግሞ ፀጉሩ ከሸረሪት ድር የሚለሰልስ፣ እንዳሻው ያደገ፣ ፊቱ ዙሪያ የሚንሳፈፍ ነው። ድር እዚያ፣ ድር እዚህ። ፖ «ቤቱ ሮድሪክ ነው» ብሎ አልጻፈም። ተመሳሳይ ምስል ሁለት ቦታ አስቀመጠና ማገናኘቱን ለእኛ ተወልን። ተምሳሌት መሆኑን የምታውቁት እንዲህ ነው፣ አንድ ነገር ያለ ጥሩ ምክንያት ተመልሶ ሲመጣ።

ታዲያ እንደ ሰምና ወርቅ ልፍታው?

መነሻው ጥሩ ነው፣ ግን እስከ መጨረሻው አያደርስም። አንጥረኛ ወርቁን ሲያፈስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ሥራውን ጨርሷል። እዚህ ታሪክ ላይ ሰሙን ካቀለጣችሁት ታሪኩም አብሮ ይሄዳል። ቤቱ የታመመ አእምሮ ነው፣ እሺ። ግን ድንጋዩ የሚፈረፈር፣ ግድግዳው ሽበት የወረሰ፣ ሰው ከሥሩ የተቀበረበት እውነተኛ ቤትም ነው። ቤትነቱን ከረሳን የሚያስፈራን ነገር አይኖርም። ወርቁም አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ ቤቱን አእምሮ ይለዋል፣ ሌላው የሚሞት የመሳፍንት ዘር፣ ሌላው መቃብር። ሦስቱንም ጽሑፉ ይሸከማል። አንዱን መርጣችሁ ሌላውን «ስህተት ነው» ለማለት አትቸኩሉ።

ስንጥቁና ኩሬውስ?

ስንጥቁ ንግር ነው፣ ኋላ የሚመጣውን አስቀድሞ የሚጠቁም። ከጣሪያ ጀምሮ ግድግዳውን እየተጠማዘዘ ወርዶ ኩሬው ውስጥ ይጠፋል። ትኩር ብሎ ያላየ ሰው አያገኘውም። በመጨረሻው ገጽ ያ ስንጥቅ ተከፍቶ ደም የመሰለች ሙሉ ጨረቃ በመሃሉ ታበራለች። መንትዮቹ መለያየታቸው ነው የሚል አለ፣ የሮድሪክ አእምሮ መሰንጠቁ ነው የሚልም አለ። ሁለቱም ያስኬዳሉ። እኔን የሚይዘኝ ሌላ ነው። ስንጥቁን ያየው ተራኪው ነው። በመጀመሪያው ምሽት አየው፣ አየሁት ብሎ ነገረን፣ ከዚያ ገባ። ሰዎቹ ሲሰነጠቁ ግን በጊዜው አያስተውልም።

ኩሬው ደግሞ መስታወት ነው። ተራኪው ቤቱን ሲያይ ለምን እንደጨነቀው ስላልገባው ፈረሱን ኩሬው ዳር አቁሞ የቤቱን ጥላ ውሃው ውስጥ ለማየት ይሞክራል። ነገሩን ገልብጬ ባየው ፍርሃቱ ይቀል ይሆናል ብሎ ነው። ባሰበት። ይህች ትንሽ ትዕይንት የታሪኩ ሁሉ ንድፍ ናት ብዬ አምናለሁ። ሰውዬው ፍርሃትን በማስተዋል ልፍታ ባለ ቁጥር ፍርሃቱ በእጥፍ ይመለስበታል። ቤቱ ሁለት ሆነ፣ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። ወንድምና እህቱም መንታ ናቸው።

ተራኪው ስም የለውም። ለምን?

ስም፣ አገር፣ ሥራ፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ምንም የለውም። ከየት እንደመጣ አናውቅም። ይሄ የሚጠቅመው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እሱ ባዶ ስለሆነ እኛ በቀላሉ ቦታውን እንይዛለን፣ ፈረሱ ላይ የተቀመጥነው እኛ እንሆናለን። ሁለተኛ፣ የምናመሳክርበት ነገር እናጣለን። በአንደኛ መደብ የሚነገር ታሪክ ሁሉ ይህ ችግር አለበት፣ እዚህ ግን እጅግ ይጠብቃል። ቤቱ የለም፣ ሮድሪክ የለም፣ ማድሊን የለችም። የቀረው ምስክር አንድ ነው።

ገጣሚው ሪቻርድ ዊልበር በ1959 ባደረገው ንግግር ጉዞውን በሙሉ ወደ ራስ ውስጥ የሚደረግ የሕልም ጉዞ አድርጎ አንብቦታል። እንዲያ ከሆነ ስም ማጣቱ አይደንቅም፣ በሕልም ማንም ራሱን በስም አይጠራም። እኔ እስከዚያ ድረስ አልሄድም፣ ግን ይህን ንባብ አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ከዚያ በኋላ ታሪኩን እንደ ድሮው አያነበውም።

ተራኪው ይታመናል?

ይዋሻል አልልም። ግን ስለ ራሱ የሚለውንና የሚያደርገውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት።

ራሱን እንደ ጤነኛ፣ እንደ አስተዋይ ሰው ያቀርባል። ሮድሪክ ድንጋዮቹ ሕይወት አላቸው፣ ቤተሰቤን የቀረጹት እነሱ ናቸው ሲለው፣ ተራኪው እንዲህ ያለው ሐሳብ አስተያየት አያሻውም ብሎ ያልፈዋል። ደህና። ነገር ግን ከዚያ በፊት በመጀመሪያው ምሽት ቤቱን ከብቦ የሚታይ የእርሳስ ቀለም ያለው እንፋሎት ከሞቱት ዛፎችና ከኩሬው ሲወጣ ያየ የመሰለው እሱ ራሱ ነበር። መንፈሱ ሲወርድበት የተሰማውን ለመግለጽ ያመጣው ምሳሌ ደግሞ ኦፒየም የሚባለውን አደንዛዥ ዕፅ የወሰደ ሰው ሲነቃ የሚሰማው ነው። ኋላ ላይ የሮድሪክ ሁኔታ አስፈራኝ፣ ተጋባብኝም ይላል። ፍርሃት እንደ ጉንፋን ይጋባል ማለቱ ነው። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ገጾች የሚነግረን፣ በራሱ አፍ፣ ሕመሙ የተጋባበት ሰው ነው።

ስለ ጓደኛውም ብዙ አያውቅም። በልጅነታችን ቅርብ ነበርን ይላል፣ ቀጥሎ ግን በእርግጥ ብዙም አላውቀውም ነበር ይላል። ሁለቱ መንታ መሆናቸውን እንኳ የተረዳው መች ነው? የማድሊን ሣጥን ተከፍቶ ፊቷን ሲያይ። እዚያ ቤት ስንት ቀን ተቀምጦ!

አሁን ወደ ሣጥኑ እንምጣ፣ ምክንያቱም ለእኔ የታሪኩ እምብርት እዚህ ነው። ተራኪው ጉንጯና ደረቷ ላይ ትንሽ ቅላት አየ። ከንፈሯ ላይ አልጠፋ ያለ ፈገግታ አየ፣ አጠራጣሪ ብሎ ራሱ ጠራው። ይህ የሕመሟ ጠባይ ነው ብሎም አብራራልን። ሰውነትን አድርቆ ሬሳ የሚያስመስል ሕመም መሆኑን አስቀድሞ ያውቃል። ይህን ሁሉ እያወቀ በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ክዳኑን መልሰው፣ በብሎን አጥብቀው፣ የብረቱን በር ዘግተው ወጡ። በቃ። «ምናልባት» የለ፣ «ቆይ» የለ። ሁለታችንም ነን ያደረግነው ይላል፣ እንደ ማንኛውም የቤት ሥራ።

ብዙ ሰው ሮድሪክን ይከሳል፣ ልክ ነው። ግን ክዳኑ ላይ አራት እጅ ነበር። ከዚያ ደግሞ የተራኪው መኝታ ክፍል በቀጥታ ከዚያ መቃብር በላይ ነው። ይህንንም የነገረን እሱ ነው። በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለውና ከየት እንደሆነ የማያውቀው ድምፅ ሲሰማ፣ ጥፋቱን ክፍሉ ውስጥ ባሉት ጨለም ያሉ ዕቃዎችና በማዕበሉ ላይ ይጥላል።

እና መጨረሻ ላይ ሮድሪክ ተነስቶ «እብድ!» ብሎ ይጮሃል። ማንን ነው? ከራሱ ሌላ ክፍሉ ውስጥ ያለው ተራኪው ብቻ ነው። እብድ የተባለው እስካሁን አስተዋይ ነኝ ሲለን የነበረው ሰው ነው። ይህን ቃል ስታነቡ ዝም ብላችሁ አትለፉት።

ማድሊን በሕይወት እያለች ነው የተቀበረችው?

ሮድሪክ በግልጽ ይናገራል፣ በሕይወት እያለች መቃብር አስገባናት ይላል። ከብዙ ቀን በፊት ጀምሮ ሣጥኑ ውስጥ ስትንቀሳቀስ ሰማሁ፣ ለመናገር አልደፈርኩም ይላል። በሌላ በኩል ግን ብርሃን የማይገባው ክፍል፣ በብሎን የታሠረ ክዳን፣ ከባድ የብረት በር፣ ያ ሁሉ ቀን ያለ ምግብ፣ ሥጋ ለባሽ ሴት እንዴት ወጣች? መንፈስ ናት? የሁለት ፈሪዎች ቅዠት ናት? ፖ በሩን ለሁሉም ክፍት ትቶታል።

በዘመኑ ግን ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር። የልብ ትርታ ማዳመጫ የተፈለሰፈው በ1816 ነው፣ ሞትን በእርግጠኝነት መለየት አስቸጋሪ ነበር፣ በሕይወት የመቀበር ስጋት በሰው ሁሉ አፍ ነበር። ፖ ራሱ በ1844 በዚሁ ጉዳይ ላይ ሌላ ታሪክ ጽፏል።

እኔ ግን ከመሞቷና ካለመሞቷ በላይ ዝምታዋ ያሳዝነኛል። ማድሊን በታሪኩ ውስጥ አንድ ቃል አትናገርም። የምናያት ሦስት ጊዜ ነው። አንዴ በክፍሉ ጥግ በዝግታ ስታልፍ፣ አንዴ ሣጥን ውስጥ፣ አንዴ በር ላይ። የሚሰማን ድምፅ መጨረሻ ላይ ያሰማችው የማቃሰት ድምፅ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ምሽት ከታየች በኋላ ለብዙ ቀናት ሁለቱ ሰዎች ስሟን እንኳ አላነሱም። እነሱ ሥዕል ይስላሉ፣ ያነባሉ፣ ሮድሪክ ጊታር ይጫወታል፣ እሷ እዚያው ቤት ውስጥ እየሞተች። ሮድሪክ ከሳላቸው ሥዕሎች አንዱ ደግሞ ምን ያሳያል? ከመሬት በታች ያለ፣ መውጫ የሌለው ረጅም ዋሻ መሰል ክፍል። ገና ሳትሞት ስሎላታል።

መሃል ላይ ያለውን ግጥም ብዘለው ምን ይቀርብኛል?

ቁልፉ። አትዝለሉት። ፖ ግጥሙን ለብቻው በኤፕሪል 1839 ባልቲሞር ውስጥ አሳትሞት ነበር፣ ከወራት በኋላ ለሮድሪክ አፍ ሰጠው። ስለ አንድ ውብ ቤተ መንግሥት ነው። ጣሪያው ላይ ወርቃማ ሰንደቅ ይውለበለባል፣ ፀጉር ነው። ሁለት የሚያበሩ መስኮቶች አሉት፣ ዓይኖች ናቸው። በሩ ዕንቁና ቀይ ዕብነ ክቡር ነው፣ ጥርስና ከንፈር። ንጉሡ ሐሳብ ይባላል። ኋላ ክፉ ነገሮች ይወሩትና መስኮቶቹ ቀይ ይሆናሉ፣ በበሩ የሚወጣው ሳቅ ብቻ ይሆናል፣ ፈገግታ የሌለበት ሳቅ። ፖ ራሱ በ1841 በጻፈው ደብዳቤ ላይ ይህ ቤተ መንግሥት የታወከ አእምሮ ነው ብሎ ገልጾታል። ስለዚህ ቤት እንደ ጭንቅላት መነበቡ የሐያስያን ፈጠራ አይደለም።

መጨረሻ ላይ የሚነበበው የባላባት ታሪክ ለምን ገባ? ታሪኩን አላዘገየውም?

መጀመሪያ ሳነበው እኔንም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ተራኪው በማዕበሉ ሌሊት ሮድሪክን ለማረጋጋት መጽሐፍ ያነብለታል። መጽሐፉን የፈጠረው ፖ ነው፣ እንዲህ የሚባል መጽሐፍ የለም። ጀግናው የባሕታዊውን በር ይሰብራል፣ እነሱ ካሉበት ቤት ጥግ እንጨት ሲሰነጠቅ ይሰማል። ዘንዶው እየጮኸ ይሞታል፣ ከሩቅ የሚሰቀጥጥ ጩኸት ይሰማል። ጋሻው ብር ወለል ላይ ይወድቃል፣ የብረት ጩኸት ያስተጋባል። ሮድሪክ ነው የሚተረጉመው። እንጨቱ ሣጥኗ ነው፣ የዘንዶው ጩኸት የብረቱ በር ማጠፊያ፣ የጋሻው ድምፅ እሷ የመዳቡን መተላለፊያ ስትታገል።

መዳብ? አዎ። ሲቀብሯት ተራኪው እግረ መንገዱን ነግሮን ነበር። ክፍሉ በአንድ ዘመን ባሩድ ማስቀመጫ ስለነበር የወለሉ ከፊልና መተላለፊያው በሙሉ በመዳብ ተሸፍኗል፣ የብረቱ በርም ሲንቀሳቀስ ይሰቀጥጣል። ያኔ የቤት ዕቃ ዝርዝር ይመስለን ነበር። ፖ ጥሩ አጭር ልብ ወለድ በአንድ ቁጭታ ተነብቦ አንድ ስሜት ላይ እንዲያደርስ ይፈልግ ነበር፣ በ1842 በጻፈው የመጽሐፍ ሒስ ላይ ይህንኑ ተከራክሯል። መዳቡ የዚያ እምነት ማስረጃ ነው።

የአተራረክ ነገርም እዚህ አለ። እስከዚህ ድረስ ተራኪው ነበር ተርጓሚው፣ ሮድሪክ ሕመምተኛው። አሁን ተገለበጠ። ተራኪው ድምፁን እየሰማ መጽሐፉን ያነባል፣ ሕመምተኛው ግን እውነቱን ይናገራል።

ማድሊን የፖ ሚስት ናት ይባላል። እውነት ነው?

ቀኑ አይገጥምም። ሚስቱ ቨርጂኒያ የሳንባ ነቀርሳዋ የታየባት በጃንዋሪ 1842 ነው፣ ታሪኩ የወጣው በ1839። እናቱ በዲሴምበር 1811 ሦስት ዓመት ሳይሞላው መሞቷ ሊያስረዳ ይችላል የሚሉ አሉ፣ ይሁን። እኔ ግን ሕይወቱን ለታሪኩ ማስረጃ ማድረግ አልወድም። ማስረጃው ገጹ ላይ አለ።

ታሪኩን የማይወዱ ሐያስያን አሉ?

አሉ። ክሊንዝ ብሩክስና ሮበርት ፔን ዋረን በ1943 ባወጡት የማስተማሪያ መጽሐፋቸው ላይ ጠንከር አድርገው ተችተውታል። የሮድሪክ ውድቀት የእውነተኛ አሳዛኝ ሰው ክብደት የለውም፣ አይታገልም፣ ስለዚህ ድንጋጤ ብቻ ነው የሚተርፈን ይላሉ። ስለ ሮድሪክ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚታገል ሰው ግን በታሪኩ ውስጥ አለ፣ ከሥር፣ በጥፍሯ።

ስለ ታሪኩ ድርሰት ልጽፍ ነው። ከየት ልጀምር?

አንድ ነገር ብቻ ያዙና ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ተከተሉት። ድምፅ ሊሆን ይችላል፣ ዓይን፣ በር፣ ድር። በወጣ ቁጥር አስምሩበት። ከዚያ እያንዳንዱ ቦታ ላይ ያየው ወይም የሰማው ማን እንደሆነ ጻፉ። ግማሹ ሥራ እዚህ ያልቃል።

«ደራሲው ፈርቷል» ብላችሁ አትጻፉ። የፈራው ተራኪው ነው። ይህች ስህተት በጣም የተለመደች ናት፣ የቀረውንም ትንተና ታበላሻለች። «መሰለኝ»፣ «እንዴት እንደሆነ አላውቅም»፣ «ምናልባት» የሚሉ ቃላትንም ልቀሟቸው፣ ተራኪው የሚንሸራተተው እነሱ ላይ ነው።

እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ነው፣ ግን ድምፁ ይመራችኋል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ በ«ድ» ድምፅ የሚጀምሩ ቃላት እንደ ከበሮ ይደራረባሉ። የቅጂ መብቱ ካለፈ ስለቆየ ጽሑፉ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል።

ኔትፍሊክስ ላይ ያለውን ካየሁ አይበቃም?

የ2023ቱ ተከታታይ ስሙንና አንዳንድ ሰዎችን ወስዶ ስለ መድኃኒት ኩባንያ ባለቤቶች የተሠራ ሌላ ታሪክ ነው። የ1960ው የሮጀር ኮርማን ፊልም የበለጠ ይቀርባል፣ ግን እንግዳውን ስም ሰጥቶ የማድሊን እጮኛ አድርጎታል። በዚህ ብቻ ሁሉም ነገር ይለወጣል። የሚወዳት ሰው መጣላት ማለት ነው። በፖ ታሪክ ለማድሊን ብሎ የመጣ ማንም የለም።

ሜሪላንድ ነው የምኖረው። የፖ መቃብር ቅርብ ነው ይባላል?

ባልቲሞር መሃል ከተማ ዌስትሚንስተር በሚባለው የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። በዚያው ከተማ በኦክቶበር 7 ቀን 1849 በ40 ዓመቱ ሞተ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ለምትኖሩ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ፖን የሚያነቡ ከሆነ ይዛችኋቸው ሂዱ።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ «የአሸር ቤት» ለምን በጥቅስ ምልክት ውስጥ ገባ?

ይህን የጠየቀኝን ሰው አቅፌ ልስመው ነበር። በመጀመሪያው ገጽ ገበሬዎቹ የሚሉት ስም ነው ተብሎ በጥቅስ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ሁለቱ መንትዮች ወለል ላይ ሞቱ፣ ዘሩ አለቀ። ከደቂቃዎች በኋላ ግድግዳው ተሰነጠቀ። ኩሬው በዝምታ ስብርባሪው ላይ ሲዘጋ ስሙ እንደገና በጥቅስ ይመጣል፣ የሰመጠው ሁለቱም ነውና። ተራኪው ዳር ላይ ቆሞ ያያል። ከዚያ የት እንደሄደ፣ ይህን የሚነግረን ከስንት ዓመት በኋላ፣ ለማን እንደሆነ አይናገርም። ክዳኑን ስላጠበቀው እጁም አንድ ቃል ሳይል ታሪኩ እዚያው ኩሬው ዳር ያበቃል።